ለኮክፒት የተጻፈ፣ ለጠረጴዛ የደረሰ

በሴስና 172 ኤስ የአብራሪ መመሪያ አምስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከአጭር ማኮብኮቢያ ለመነሣት ስንት ጫማ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ገጽ አለ። በግራ በኩል ከፍታው ከባሕር ጠለል ጀምሮ በሺህ ሺህ ጫማ እየጨመረ ይወርዳል፤ ከላይ የአየሩ ሙቀት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተዘርግቷል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ጥንድ ቁጥር ይገኛል። የመጀመሪያው ጎማው መሬት እስኪለቅ የሚኬደው ርቀት ነው፤ ሁለተኛው 50 ጫማ የሚረዝም መሰናክልን ለማለፍ የሚያስፈልገው። በባሕር ጠለል፣ በ0 ዲግሪ፣ ሙሉ ክብደት ተጭኖ፣ 860 እና 1465 ጫማ ይላል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ቁጥሩ ያብጣል፤ የመጨረሻው ረድፍ 8000 ጫማ ላይ ይቆማል። ቦሌ ከ7600 ጫማ በላይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሙሌተር ከፍቶ ይህችን አውሮፕላን ቦሌ ላይ የሚያቆም ሰው ሠንጠረዡን ማንበብ የሚጀምረው ከግርጌው ነው።

የዚያን ገጽ አሠራር ልብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ቁጥሮቹ ከመምጣታቸው በፊት በምን ሁኔታ እንደሚሠሩ ተዘርዝሯል፦ ፍላፕ 10 ዲግሪ፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይል እስኪሰጥ ፍሬን ተይዞ፣ ማኮብኮቢያው አስፋልት፣ ደረቅና ደልዳላ፣ ንፋስ የሌለበት። መሬት የሚለቀቅበት ፍጥነት 51 ኖት፣ መሰናክሉ አናት ላይ 56። ከታች ደግሞ ማስታወሻዎቹ አሉ። ፊት ለፊት ለሚነፍስ ለየ9 ኖቱ ከርቀቱ 10 በመቶ ቀንስ፤ ከኋላ ለሚነፍስ ግን ለየ2 ኖቱ 10 በመቶ ጨምር። የጀርባ ንፋስ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ ለማስረዳት አንድም ቅጽል አልተጠቀሙም። ዘጠኝና ሁለት ተራርቀው መቀመጣቸው ይበቃል።

ከማስታወሻዎቹ መካከል ለእኛ አገር ሰው የተጻፈች የምትመስል አለች። ከ3000 ጫማ በላይ ካለ ማረፊያ ስትነሣ፣ አውሮፕላኑ እንደቆመ ስሮትሉን እስከ መጨረሻው ግፋና የሞተሩ ዙር ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ድረስ ነዳጁን አሳሳ የምትል ናት። ጀማሪው ቦሌ ላይ ቀዩን የሚክስቸር መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ ገፍቶ ሲነሣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አውሮፕላኗ ትንፏቀቃለች፣ ማኮብኮቢያው ያልቃል። አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ፕሮግራሙን ወይም ኮምፒውተሩን ነው። ፕሮግራሙ ግን ልክ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ የሚገባው ነዳጅ ለዚያ አየር በዝቷል። በቦሌ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 0 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባው ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ክንፉም ሞተሩም ከ10000 ጫማ በላይ እንዳሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። የአውሮፕላኗ ጣሪያ ደግሞ 14000 ጫማ ነው። ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ የነዳጁን መቆጣጠሪያ ቀስ እያሉ ወደ ራስ መሳብ፣ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ሽቅብ ሲል ማየት፣ ሞተሩ ድምፁ ሲጠራ መስማት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይመስልም።

ሲሙሌተሮች የራሳቸው ትምህርት የላቸውም ማለቴ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያውን ካወጣ ወዲህ ብዙ ተሞክሯል፤ አንድ ሰሞን እውነተኛ የበረራ አሰልጣኝ የሆነው ሮድ ማቻዶ በገዛ ድምፁ እየቀለደ ያስተምርበት ነበር፤ ጥሩም ነበር። ነገር ግን ብዙው መመሪያ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ነግሮ ያበቃል። ፍላፕ በየትኛው ቁልፍ እንደሚወርድ ማወቅና መቼ መውረድ እንዳለበት ማወቅ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛውን የሚያውቁት ሥጋና አጥንት ተሸክሞ ለሚበር ሰው የተጻፉት መጻሕፍት ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ በቅድሚያ እጅ የሚገባው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚያሳትመው ኤርፕሌን ፍላይንግ ሃንድቡክ ነው፤ ማንም በነፃ ያወርደዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ነውና ሲነበብ የሚደርቅበት ቦታ አይጠፋም። አልፎ አልፎ አንድ አንቀጽ ሦስቴ ካልተነበበ አይገባም። በየትምህርቱ መጨረሻ የሚመጣው የተለመዱ ስህተቶች ዝርዝር ግን የእጅ ሙያ ነው። የማረፊያውን ዝርዝር እንይ። ዓይንን በአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር መትከል፣ በዚህም የተነሣ ገና ከፍ ብለው ሳሉ አፍንጫውን ማቅናት። ቀጥሎ ተቃራኒው፦ ዓይንን በጣም አርቆ መትከል፣ በዚህም ሳቢያ ማቅናቱን ማዘግየት። ስህተቱን ብቻ ብሎ አልተወውም፤ ስህተቱ ከየት እንደተወለደ፣ ዓይን የት በሄደ ጊዜ እጅ ምን እንዳደረገ ጨምሮ ነገረን። ስክሪኑ ላይ አሥር ጊዜ እየነጠረ የሚያርፍ ሰው ይህን መስመር ሲያነብ ከጀርባው ቆሞ ሲያየው የነበረ አሰልጣኝ ያለ ይመስለዋል።

ይኸው መጽሐፍ የጀማሪው ዓይን ከመቶ ዘጠናው እጅ ከመስኮቱ ውጭ እንዲሆን ይፈልጋል። ሲሙሌተር የለመደ ሰው የሚቸግረው እዚህ ላይ ነው። መለኪያዎቹ ስክሪኑ ላይ ያማሩ ናቸው፣ አድማሱ ደግሞ ጠባብ፤ ስለዚህ ዓይን መርፌ ላይ ይጣበቃል። መድኃኒቱ መሬት ላይ ያለ ምልክት ይዞ መዞር ነው። ከመሬት ከ600 እስከ 1000 ጫማ ከፍ ብሎ አንድ መስቀለኛ መንገድ መምረጥ፣ ሲሙሌተሩ ላይ የ15 ኖት ንፋስ ማስነሣት፣ ከምልክቱ ያለውን ርቀት ሳይለውጡ መዞር። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ክቡን ከላይ ያሳያል፤ በክቡ ዙሪያ ትናንሽ አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በተለያየ መጠን ጋደል ብለው ተሥለዋል። ንፋሱ ከጀርባ የሚገፋት በጣም ተጋድላለች፤ ወደ ንፋሱ የምትጋፋው ቀና ብላለች። ምክንያቱን ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፦ ከመሬት አንጻር የፈጠነ፣ ያንኑ ክብ ለመጠበቅ ጠበቅ አድርጎ መዞር አለበት።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ1944 የታተመውን የቮልፍጋንግ ላንገቪሸን ስቲክ ኤንድ ረደር ነው። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሄደው ይህ ሰው አብራሪም ጸሐፊም ነበር፤ ለቻንስ ቮውት ኩባንያ ኮርሴር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን እያበረረ ይፈትን ነበር። የመጽሐፉ እምብርት አንድ ነገር ነው፦ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን። አብራሪ ስለ በረራ ከሚነገረው ሁሉ አንድ ብቻ ይያዝ ቢባል እሱን ይያዝ ባይ ነው። እዚያ ለመድረስ ቀመር አያበዛም። አንባቢው መቀመጫው ላይ ሆኖ የሚያየውን፣ የሚሰማውን፣ በእጁ የሚዳስሰውን እየነካካ ይሄዳል። ጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተር አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚወስድ መሣሪያ ነው የሚለውን የተለመደ ግምት ደጋግሞ እየመጣ ያፈርሰዋል፤ ለጥድፈኛ አንባቢ መደጋገሙ ሊሰለች ይችላል፣ ለእጅ ግን ያስፈልጋል።

ለማረፊያ የሚሰጠው የዓይን ትምህርት ስክሪን ላይ ሳይሸራረፍ ይሠራል። ወደ ማኮብኮቢያው እየወረዱ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ዓለም ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ነጥብ ብቻ ባለበት ይቆማል። አውሮፕላኑ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የመረጡት ቦታ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ እየሸሸ ከሆነ ሳይደርሱበት ሊወርዱ ነው፤ ወደ ታች እየሰመጠ ከሆነ ሊያልፉት ነው። ለዚህ መለኪያ አያስፈልግም፤ ርካሽ ስክሪንም ይበቃል፤ የተቀመጡበትን ከፍታ አለመለዋወጥ ብቻ።

የማይሻገረውም ብዙ ነው። ላንገቪሸ የአውሮፕላኑን ስሜት ሲጽፍ ፍጥነት ሲወርድ መሪው እጅ ላይ እንደሚላላ፣ የንፋሱ ድምፅ እንደሚለዝብ፣ ሰውነት ወንበሩ ላይ እንደሚቀልል ወይም እንደሚከብድ ይነግረናል። ገበያ ላይ ያለው ተራ ጆይስቲክ ስፕሪንግ ነው ያለው፤ በ50 ኖትም በ120 ኖትም ያው ነው የሚገፋው። ወንበሩም አይንቀሳቀስም። ጠረጴዛ ላይ የሚያነብ ሰው የትኛው ዓረፍተ ነገር ለዓይን፣ የትኛው ለጆሮ፣ የትኛው ለመቀመጫ እንደተጻፈ እየለየ ቢያነብ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ካለው በከፊል። ሦስተኛውን በአደራ ያስቀምጠው።

ላንገቪሸን የምሞግትበት ቦታም አለ። ረደር ላይ ይጨክናል። ፍሬድ ዊክ የነደፈውን ኤርኩፕን ያደንቃል፤ ያቺ አውሮፕላን የረደር ፔዳል ሳይኖራት በመሪ ብቻ የምትዞር ነበረች። መጪው ጊዜ የእሷ ዓይነት እንደሆነ አምኖ ነበር፤ አልሆነም፣ ዛሬም ትናንሽ አውሮፕላኖች ፔዳል አላቸው። የሚያስቀው፣ ምኞቱ የሰመረው ሲሙሌተር ላይ ነው። ፔዳል ያልገዛ ሰው ሁሉ አውቶ ረደር የሚባለውን ምርጫ አብርቶ ሳያውቀው በእሱ ሐሳብ ይበራል። ከጎን በሚነፍስ ንፋስ ማረፍ ሲመጣ ግን ይህ አያዛልቅም፤ አንዱን ክንፍ ዝቅ አድርጎ በተቃራኒው እግር አፍንጫውን ማቅናት ግድ ይሆናል። እዚያ ሲደርሱ አውቶ ረደሩን ማጥፋት፣ ጆይስቲኩ የሚጠመዘዝ ከሆነ ጥምዘዛውን ለረደር መስጠት፣ ላንገቪሸን ዘግቶ የኤርፕሌን ፍላይንግ ሃንድቡክን የማረፊያ ምዕራፍ መክፈት ይሻላል።