«አላውቅም» ባዶ ቦታ አይደለም

ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ቤቱ ሲሞት የሞቱን ምክንያት ማን ይመዘግባል? ለዚህ የተፈጠረው መላ «የቃል አስከሬን ምርመራ» ይባላል። ጠያቂው የሐዘኑ ሰሞን ካለፈ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትን መጠይቅ ያስሞላል፤ ከዚያ ኮምፒውተር መልሶቹን አስልቶ ሊሆን የሚችለውን ምክንያት ያወጣል። በመሐንዲስ ዓይን ሳየው ጥሩ ሥራ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሐኪም የሌለበት ቀበሌም ይደርሳል። ራስን ማጥፋት ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል።

መጠይቁ «ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሟቹ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ አለው። መልሶቹ አራት ናቸው፦ አዎ፣ አይደለም፣ አላውቅም፣ መልስ አልሰጥም። እስቲ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐይቅ ከተማ አንድ ቤት ገባችሁ እንበል። ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረግ እየሰማች ያደገች እናት «አዎ» ትላለች? ሙስሊሟ ጎረቤቷስ፣ ነገሩ ሐራም መሆኑን እያወቀች? የሕግ ፍርሃትም አለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን ነው፤ ቤተሰቡ ግን ጠያቂ ሲያይ «ማን ገፋፋው ሊባል ነው» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። እናም ይመጣል፦ «አላውቅም፤ የፈጣሪ ሥራ ነው።»

ለስሌቱ «አላውቅም» እና «መልስ አልሰጥም» ሁለቱም ባዶ ቦታ ናቸው። እዚህ ላይ አልስማማም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ብቻ ዝም የሚል ቴርሞሜትር ቢኖራችሁ፣ ዝምታውን ጥላችሁ የቀረውን አማካይ ትወስዳላችሁ? ዝምታው ራሱ ንባብ ነው።

ቋንቋውስ? በአማርኛ «ራሱን አጠፋ» እንላለን። «አጠፋሁ፣ ይቅርታ» የምንለውም በዚሁ ግሥ ነው፤ ቃሉ ጥፋተኝነትን ይዞ ይመጣል። ከሐይቅ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጋችሁ ከሚሴ ስትደርሱ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኦፍ አጄሱ» ይላል፤ ራስን መግደል ማለት ነው። አንዱ ቃል ጥፋትን፣ ሌላው ግድያን ያስታውሳል። ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቀ ካልተጻፈ ሁለቱን አካባቢዎች ማወዳደር ሜትርን ከክንድ ጋር መደመር ነው።

በሕይወት ያሉትን ስንጠይቅም ያው ነው። ቡታጅራ ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት 10,468 አዋቂዎችን ጠይቆ፣ በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 3.2 በመቶ ናቸው አለ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም ይጠቀሳል። እኔ ግን ቁጥሩን ሳይ፣ በብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢ የጉራጊኛ ወይም የስልጥኛ ተናጋሪዋ ጥያቄውን እንዴት ሰማችው እላለሁ። «በሞቴ፣ አንዴ ጉረሺ» የሚል ሕዝብ መሆናችንን አትርሱ። ሞትን ለግብዣ የምንጠራ ሰዎች «መሞት አማረኝ» ስንል ቀልድና ጭንቀቱን የሚለየው ቋንቋችንን የሚያውቅ ጆሮ ነው። (ያ ሐሳብ የእናንተም ከሆነ ግን መጠይቅ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይታከማል።)

«ብሔርና ሃይማኖት የሚሞላበት ሳጥን ጨምሩ፣ በቃ» የሚል መልስ እሰማለሁ። ወሎ ላይ ይህ ብዙ አያስኬድም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። የሚበጀው የቃለ መጠይቁን ቋንቋና ቤተሰቡ የተጠቀመበትን ቃል እንዳለ መጻፍ ነው። መጠይቁ ላይ ቤተሰቡ በራሱ አንደበት የሚተርክበት ክፍል አለ፤ የስሌት ፕሮግራሞቹ ግን አዎና አይደለሙን ወስደው ትረካውን ይተዉታል። ያሳዝናል፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የወሎ ቅሬም አለ። ማን መቼ እንደሞተ ከቅሬ የሚሰወር ነገር የለም። አዲስ አበባ ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ከመቃብር ስፍራዎች ሞትን መዝግበዋል፤ ስለዚህ ከቀብር መጀመር አዲስ ነገር አይደለም። ግን አደጋ አለው። በአንድ ቀበሌ በዓመት አንድ ሰው ብቻ ራሱን ካጠፋ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና ቋንቋ ሲደረደሩ ስሙን ጻፋችሁት ማለት ነው። ዝርዝሩ በተቆለፈ ፋይል ይቀመጥ፤ በሚታተመው ሠንጠረዥ ላይ «ደቡብ ወሎ» የሚለው ይበቃል።