ስለ ውሻ ታማኝነትና ስለ ጌታው ዕዳ

ሰው ስለ ውሻ ባነሣ ቍጥር መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ታማኝነቱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ይህ አነጋገር እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያስታውሰን ውሻ ለሰው ያለበትን ዕዳ ብቻ ነው። ሰው ለውሻ ስላለበት ዕዳ አንዳች አይናገርም። ስለዚህም ፍርፋሪ የጣለ ሰው ሁሉን የፈጸመ ይመስለዋል። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ፣ የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር «ኦዲሴይ» በሚባለው ድርሰቱ፣ በ17ኛው ክፍል የተረከው የአርጎስ ታሪክ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። የኢታካ ንጉሥ ኦዲሴዩስ አርጎስን ከቡችላነቱ አሳደገው፤ ነገር ግን አድኖበት ሳይጠግብ ወደ ትሮያ ጦርነት ዘመተ። በ20ኛው ዓመት የለማኝ መልክ ይዞ፣ ማንነቱን ሰውሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በደጁ የበቅሎ ፋንድያና የከብት እበት ተከምሮ ነበር፤ አርጎስም መዥገር ወርሶት ከዚያ ላይ ተኝቶ ነበር። የጌታውን መምጣት ባወቀ ጊዜ ጅራቱን ቈላ፤ ጆሮዎቹንም ዝቅ አደረገ፤ ተነሥቶ ለመቅረብ ግን ዐቅም አልነበረውም። ኦዲሴዩስ ማንነቱ እንዳይታወቅበት ፊቱን መልሶ እንባውን ጠረገ። አርጎስም ከ20 ዓመት በኋላ ጌታውን አየና ወዲያው ሞተ።

ይህን ያነበቡ ብዙ ሰዎች «ምን ያለ ታማኝ ውሻ ነው!» ብለው መጽሐፉን ይዘጋሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለው አነባበብ ግማሹን ይዞ ግማሹን መጣል ነው እላለሁ። ሆሜር ፋንድያውንና መዥገሩን በከንቱ አልጻፈም። በውሻው ገላ ላይ የሚነበበው የዚያ ቤት ጥፋት ነው።

ይህን ጥፋት በአፉ የሚናገረው የእሪያ እረኛው ኤውማዮስ ነው። ጌታ በሌለበት አገልጋዮች ሥራቸውን እንደሚያጓድሉ፣ ገረዶቹም ውሻውን ችላ እንዳሉት ይገልጣል። ፍርዱ ግን ጐደሎ ነው። በዚያው ክፍል፣ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የኦዲሴዩስ ልጅ ቴሌማኮስ ሁለት ፈጣን ውሾች አስከትሎ ከቤት ሲወጣ እናያለን። እንግዲህ በዚያ ቤት ውሻ የሚወድ ሰው አልጠፋም። አርጎስም ጕልበት በነበረው ጊዜ ጐበዛዝቱ የሜዳ ፍየል፣ አጋዘንና ጥንቸል ለማደን ይወስዱት ነበር። የጠፋው፣ የማይጠቅመውን ውሻ የሚወድ ሰው ነው። ስለዚህ በደሉን ለገረዶች ብቻ ማሸከም አይገባም።

ሆሜር የውሻን ጠባይ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን የጻፈው ለማስለቀስ ብቻ ነው ባልን ነበር። እርሱ ግን ጠባዩን አሳምሮ ያውቃል። በ14ኛው ክፍል የኤውማዮስ ውሾች እየጮኹ በመጡበት ጊዜ ኦዲሴዩስ አልሮጠም፤ ቍጭ አለ፣ በትሩንም ከእጁ ለቀቀ። እረኛው ደርሶ ውሾቹን በድንጋይ በተናቸው። በ16ኛው ክፍል ግን እነዚያው ውሾች ለሚያውቁት ለቴሌማኮስ ሳይጮኹ ጅራታቸውን ቈሉለት። ውሻ የሚኖረው በመተዋወቅ ነውና። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንትም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ እንደ ሆነ አስረድተዋል። በዚያ ጊዜ ሰው ያልቀረበው ቡችላ ሲያድግ ሰውን ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ለመንከስ ቅርብ ነው።

እኔም በግቢዬ አንድ ውሻ ነበረኝ። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል። ምግብ አላጓደልሁበትም፤ እንግዳ በመጣ ጊዜም ታማኝነቱን እያነሣሁ አመሰግነው ነበር። የአርጎስን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ሄጄ አየሁት። ሰንሰለቱ በሚዞርበት ልክ ሣሩ አልቆ፣ ምድሩ ክብ ሆኖ ተልጦ ነበር። የውኃው ጣሳ ደርቋል። ቀረብ ባልሁ ጊዜ ዐይኑን ወደ ፊቴ አላነሣም፤ የሚመለከተው ድንጋይ ይዤ እንደ ሆነ ለማወቅ እጄን ነበር። ስንት ዓመት ያበላሁት እጅ ለርሱ የድንጋይ እጅ ሆኖ መቈየቱን ሳይ አፈርሁ። ያን ዕለት ገና በቀን ፈታሁት። እንደ ገና እስኪያምነኝ ድረስ ግን ብዙ ወራት ፈጀብኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ውሻ ከአንተ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ንጹሕ ውኃ፣ ጥላና ደረቅ መኝታ፣ የሚሮጥበት ቦታ፣ በጊዜው የሚሰጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ዛሬ ደባብሶ ነገ የማይመታ እጅ፣ ከሁሉም ይልቅ ከቤተ ሰቡ አለመለየት ነው። ይህንንም በብርታቱ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ አርጅቶ መጮኽ ባቃተው ጊዜም ይፈልገዋል።

የኦዲሴዩስ እንባ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ከአርጎስ ገላ ላይ አንዲት መዥገር እንኳ አላነሣም። እንግዲህ ለውሻህ የምታለቅስበትን ቀን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሂድና የጣሳውን ውኃ ቀይርለት።