ስለ ናፍጣ ሞተር ቃላት፦ ከመሰየም በፊት መመዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም የሚወስዱት መንገዶች እንደ ቅደም ተከተላቸው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያልፋሉ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች የጭነት መኪና ጥገና በጋራዥ ብቻ ሳይሆን በግለሰብ ግቢም ይካሄዳል። ባለመኪናው ከረዳቱ ጋር ሆኖ ያረጀውን ኢንጄክተር ፈትቶ አዲሱን ሲገጥም፣ ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ይህ መመሪያ ወደ አማርኛ ቢመለስ፣ አንባቢው ሞተሩን ሳያበላሽ እጁንም ሳይጎዳ ሥራውን ሊፈጽም ይችላልን? የሙያ ቃላት ዝግጅታችን ሊመዘን የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

1. የመነሻው አቅጣጫ

በ1960ዎቹ የተመሠረተው የቋንቋ አካዳሚ ካበረከታቸው ሥራዎች አንዱ በ1989 ዓ.ም. የታተመው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ነው። ተርጓሚዎች በየግላቸው ይፈጥሩት የነበረውን ቃል ወደ አንድ መስመር ለማምጣት የተደረገው ይህ ጥረት ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም መጽሐፉ የተሰናዳው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። ይህ አቅጣጫ አዘጋጁን «ይህን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን እንበለው?» ወደሚል ጥያቄ ይመራዋል፤ «ሠራተኛው ይህን ዕቃ ምን ብሎ ይጠራዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ ይዘነጋል።

ሠራተኛው ስም አጥቶ አያውቅም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የኢጣልያ ወረራ ጋር ከገቡት መኪኖች፣ ከዚያም በኋላ ከመጡት ጋር፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታና ባሌስትራ ቋንቋችን ውስጥ ሥር ሰድደዋል። የፊያት ኩባንያ 682 ኤን 3 ብሎ የሰየመው ከባድ መኪና እንኳ በኢጣልያንኛ አነባበቡ «ኤንትሬ» ተብሎ አማርኛ ሆኗል። ኢንጄክተርና ኖዝል በዚህ ላይ የተደረቡ የኋለኛ ዘመን ቃላት ናቸው። ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ነገር፣ በሦስቱ ከተሞች ኦሮምኛ ተናጋሪውም ሆነ አማርኛ ተናጋሪው በሞተሩ ዙሪያ የሚግባቡት በእነዚሁ የጋራ ቃላት መሆኑ ነው። በአማርኛ በኩል ብቻ አዲስ ስም ማውጣት ይህን የጋራ ሀብት ይከፍለዋል።

2. የእጩ ቃላቱ ምዘና

ለኢንጄክተር አማርኛ ስም የሚፈልግ ተርጓሚ አስቀድሞ የሚታየው «ወጊ» ወይም «መውጊያ» ነው፤ ምንጩም የሐኪም መርፌ ነው። ይህ ስም የመሣሪያውን ተግባር አያሳይም። ኢንጄክተር ናፍጣን እንደ ጉም አድቅቆ በታመቀ ትኩስ አየር ውስጥ ይበትናል እንጂ አካል አይወጋም። «መርጫ» የተሻለ ነው። ጀርመንኛው «አይንሽፕሪትስድዩዘ» ሲል፣ ዐረብኛውም «በኻኽ» ሲል የያዙት የመርጨትን ሐሳብ ነው። ኢጣልያንኛውና እንግሊዝኛው ግን «ወደ ውስጥ መወርወር» ከሚለው የላቲን ግሥ የተገኙ ናቸው።

ይሁንና ስምን ከአሠራር ዘዴ ጋር አጥብቆ ማሰር የራሱ ችግር አለው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ያስመረመረው ሞተር ነዳጁን የሚያስገባው በታመቀ አየር እየነፋ ነበር። ነዳጁን በፖምፓ ግፊት ብቻ የሚረጨው አሠራር የተስፋፋው የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 ፖምፓውን በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ስም ብናወጣ ኖሮ «መንፊያ» እንለው ነበር፤ ስሙም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሐሰት በሆነ ነበር።

«ኖዝል» የሚለው ቃል የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በእንግሊዝኛ መነሻው «ትንሽ አፍንጫ» ማለት ሲሆን የሚያመለክተውም የኢንጄክተሩን ጫፍ ብቻ ነው። በጋራዥ ግን ብዙ ጊዜ መላው ኢንጄክተር ኖዝል ይባላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተርጓሚ «ኖዝሉ ይቀየር» ሲል አንባቢውን ለጫፉ ብቻ ወይም ለሙሉው ዕቃ ገንዘብ ያስወጣዋል። መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ሁለቱንም ፍች መዝግቦ ልዩነታቸውን ማሳየት አለበት።

3. መልካቸው የሚያሳስት ቃላት

ከስም ፍለጋ ይልቅ አደገኛው በመልክ የሚመሳሰሉ ቃላት ጉዳይ ነው። «ናፍጣ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በእኛ ዘንድ የዲዝል ነዳጅ ማለት ነው። በኬሚስቶች ዘንድ «ናፍታ» የሚባለው ግን ወደ ቤንዚን የሚጠጋ፣ ቶሎ የሚተንና በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የተረጎመ ሰው የፈጸመው የፊደል ስሕተት ብቻ አይደለም፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አየርን ከነዳጅ መስመር የማስወጣት ሥራም በእንግሊዝኛ «ማድማት» በሚል ግሥ ይነገራል፤ በአማርኛ «አየር ማውጣት» ከሚለው በቀር ሌላ አያስፈልገውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን «ሪፕሌስ» የሚለው ግሥ ነው፤ አንድም «መልሰህ አስቀምጥ»፣ አንድም «በአዲስ ተካ» ማለት ነውና። በኢንጄክተሩ ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ሮንዴላ በየግጥሚያው በአዲስ መተካት አለባት፤ አሮጌዋም በጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ መቅረት የለባትም። ውፍረቷ የኢንጄክተሩ ጫፍ ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚዘልቅበትን ልክ ስለሚወስን፣ ሁለት ሮንዴላ ቢደራረብ የርጭቱ አቅጣጫ ይዛባል። አሮጌዋ መልሳ ብትገባ ደግሞ የተቃጠለው ጋዝ ያፈተልካል። ተርጓሚው «መልሰህ አስቀምጥ» ካለ ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም።

4. ክፍተቱ የት ነው?

ከዚህ በላይ እንደተመለከተው የዕቃዎቹ ስም በአብዛኛው አለን። የጎደለን ልክን፣ ቅደም ተከተልንና አደጋን አጥርቶ የሚናገር ጽሑፍ ነው። «በደንብ አጥብቅ» የሚለው አነጋገር ልክ የለውም። የኢንጄክተሩ ማሰሪያ ብሎን ከአምራቹ ልክ በላይ ከጠበቀ አካሉን ያጣምመዋል፤ ካነሰ ደግሞ ጋዝ ያስወጣል። ስለዚህ «አምራቹ በወሰነው ልክ፣ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ ያጥብቁ» ማለት ይገባል።

የግሡም ቅርጽ ይታሰብበት። የጽሕፈት ሥርዓታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ብሎኑ ይጠብቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትእዛዝ ይሁን ወሬ አይለይም፤ «ይጠብቃል» ዘበኛም ሊሆን ይችላል። «ብሎኑ ይላላል»ም እንዲሁ ትእዛዝም ማስጠንቀቂያም ይመስላል። በመመሪያ ውስጥ «ያላሉ»፣ «ያጥብቁ» የሚለው የትእዛዝ ቅርጽ ተመራጭ ነው።

«ወጋ» የሚለው ግሥ ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው በማስጠንቀቂያው ላይ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ግፊቱ በመቶዎች፣ በኤሌክትሮኒክ በሚታዘዙት በአዲሶቹ ከሺህ በላይ በሆነ ባር ይቆጠራል። ስለሆነም «ሞተሩ ሲሠራ የሚያፈተልከውን ናፍጣ በእጅ አይፈልጉ፤ ቆዳ ወግቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ተብሎ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። እንዲሁም በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች እያንዳንዱ ኢንጄክተር የራሱ ቁጥር ስላለውና ቁጥሩም በሞተሩ ኮምፒዩተር መመዝገብ ስላለበት፣ ሥራው በግቢ ውስጥ ብቻ እንደማያልቅ ሊነገር ይገባል።

በጠቅላላው ሐሳባችን የሚከተለው ነው። ኢንጄክተር ዋና ቃል ሆኖ ይመዝገብ፤ «የናፍጣ መርጫ» ማብራሪያው ይሁን፤ ሮንዴላ፣ ዳዶና ፖምፓ ያለ ሐፍረት ይግቡ። የአዲስ ቃል ፈጠራ ኃይላችን ልክና አደጋ ወደሚነገርበት ክፍል ይዙር። ረቂቁም ከመታተሙ በፊት መፍቻ በያዘ ሰው ፊት ይነበብ፤ የተነበበለትን በትክክል ከሠራ ቃሉ ጸድቋል ማለት ነው።