ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ሚክስ ውስጥስ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቻምበርስ ሮድ ላይ ሐበሻ ለቡና ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚነሣው ፖለቲካ ይመስላችሁ ይሆናል። ሰሞኑን እኔ በተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ግን የቀደመው ሙዚቃ ነበር። አንዱ ስለሚመጣው ኮንሰርት ይጠይቃል፦ «ባንድ አለው ወይስ በኪቦርድ ብቻ ነው? ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ብለው ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንዳይጀምሩት!» ሌላው መኪናው ውስጥ የሚያዳምጠውን የሁለት ሰዓት ሚክስ ያሞግሳል። ጠጉራቸው የሸበተ አንድ ጋሼ ደግሞ «የእኛ ሙዚቃ ያበቃለት ኪቦርድ የገባ ዕለት ነው» ብለው ክርክሩን ሊዘጉት ሞከሩ።

የጋሼ ቁጭት መሠረት አለው። ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ተጋፍቶ ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የታተሙትን ሥራዎች የሰማ ሰው ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ይናፍቁታል። ሆኖም ኪቦርዱን ብቻውን ጥፋተኛ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ምስክሬም ኃይሉ መርጊያ ነው።

ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ሸሞንሟናዬ» በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ብቻውን የሠራው ካሴት ነው። ባንድ የለም፤ ትራምፔት የለም። ነገር ግን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንዲሉ፣ ማሽኑ ደረቅ ምቱን ሲመታ አኮርዲዮኑ ከላይ ሆኖ የድሮውን ዜማ ይተነፍሰዋል። የብቸኝነት ሙዚቃ ነው፤ ስደትን የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ኪቦርድ ነው ወይስ ባንድ?» ሳይሆን «ኪቦርዱ ላይ ማን ተቀመጠ?» የሚለው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ስንቶቻችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ከደለስ ኤርፖርት እንዳደረሰን እግዜር ይወቀው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ሰውየውንም አፈላልጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ልብ በሉ፦ ፈረንጁ ሊያገኘው የቻለው ካሴቱ ላይ ስም ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ሚክሱን ያሞገሰው ወጣት ከስልኩ ከፈተልን። ሦስተኛው ዘፈን ላይ «ይህን የዘፈነው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ለአንድ ድምፅ ሦስት ስም ተጠራለት! የግጥሙንና የዜማውን ባለቤትማ ማን አንሥቶት! የምናውቀው የዲጄውን ስም ብቻ ነበር፤ እሱንም በየአምስት ደቂቃው ዘፈኑን እየቆረጠ ራሱ ስለሚያስታውሰን ነው።

ሚክስን በጅምላ እየኮነንኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) አልበም ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት የተሳተፉበት ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል በ2003 ያንኑ አልበም እንደገና አፍርሶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርእስ ሠራው። የጂጂ ድምፅ እንደ ጉም ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ቤዙ ወደ ፊት ይወጣል። እኔ በበኩሌ ግጥሙ ሲዋጥ ቅር ይለኛል። ቢሆንም ማን ምን እንደሠራ ተጽፎ ስለቀረበ መውቀስም ማመስገንም ይቻላል። ሒስ የሚጀምረው ከባለቤቱ ስም ነው።

ድሮ የካሴት ሽፋን ስናገላብጥ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚሉ ሦስት ቃላት እናገኝ ነበር። እነዚያ ትንንሽ ፊደላት ትምህርት ቤታችን ነበሩ። በአገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲም ለከዋኝም መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ስሙ የማይታወቅ ባለመብት ምን ብሎ ይከራከራል? አድማጩ ያልጠራውን ስም ፍርድ ቤት ብቻውን አያስታውሰውም።

ወጣቱ ግን ዝም አላለም። «ጋሼ፣ እኔ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እነዳለሁ። ሚክሱ ባይኖር መሪው ላይ እተኛ ነበር። ደግሞ የጥላሁንን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት በሚክስ ነው» አለ። እውነቱን ነው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ልጅ ሚክሱ በር ሆኖታል። የእኔ ጭንቀት በሩ ላይ የቤቱ ባለቤት ስም ስለመጥፋቱ ነው። ሚክስ የሚሠሩ ወገኖች የዘፋኙን፣ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ከሥሩ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል? የኮንሰርት አዘጋጆችስ ከዘፋኙ ፎቶ ሥር የኪቦርዲስቱንና የከበሮ መቺውን ስም ቢጨምሩ? እኛም አርባና ሃምሳ ዶላር ከፍለን ስንገባ «ማን ነው የሚያጅበው?» ብለን የመጠየቅ መብት አለን።

ስንለያይ ወጣቱ ያንን ሦስተኛ ዘፈን ደግሞ ከፈተው። ጋሼም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ኪቦርዱን ረስተው ያዳምጡ ጀመር። የዘፋኙን ስም ግን እሳቸውም አላገኙትም።

ቸር ይግጠመን።