ያደረ ጭቃ

ከአሰላ ወጥቶ በሳጉሬ አድርጎ ወደ በቆጂ የሚሄድ ሰው ጭላሎ ተራራን በስተግራው ይዞ ይጓዛል። የመንገደኛ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ በተራራውና በስንዴው ማሳ ላይ ይቀራል። የእኔን ዓይን የሚይዘው ግን በማሳው ዳር የቆመ የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው። በደንብ የተሠራ ግድግዳ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከመሬት የሚነሳበት ወገን በፍንጥቅጣቂ ውሃ አልተበላም፣ የመስኮቱ ዙሪያ አልተሰነጠቀም፣ የጣራው ጠርዝም ከግድግዳው ክንድ ያህል አልፎ ወጥቷል። ዛሬ አርክቴክቶች ለጤና የሚስማማ፣ ለሁሉም የሚደረስ፣ አካባቢን የማይጎዳ እያሉ በየጉባኤው የሚመክሩበት ቤት ግማሹ እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ። ቀሪው ግማሽም ከዚሁ ጭቃና ከእነዚሁ እጆች ሊወጣ ይችላል።

የጥሩ ግድግዳ ሥራ የሚጀምረው በማይታየው በኩል ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ከዚያም ከፍ ትላለች። በበልጉም በክረምቱም ይዘንባል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። በቆላው ቤት አፍራሹ ምስጥ ከሆነ፣ በዚህ ደጋ ዋናው አፍራሽ እርጥበት ነው። እርጥበቱ ደግሞ ቦታ ያውቃል፤ ቋሚው እንጨት ከአፈር በሚገናኝበት አንድ ስንዝር ላይ ይሠራል። ከአፈሩ በታች ያለው ሳይበሰብስ፣ በላይ ያለውም ደርቆ ሳለ፣ መካከሉ ይፈረፈራል። አባቶች ለዚህ ጥድ ይመርጡ ነበር፤ የሐበሻ ጥድ በራሱ ዘይት እርጥበትንም ነፍሳትንም ይቋቋማል። የሙኔሳ ደን ጥድና ዝግባ እንደልብ የሚቆረጥበት ዘመን ግን አልፏል፤ ማለፉም ደግ ነው። የዛሬው ቋሚ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ነገር ግን ቅርፊቱ ካልተላጠ እርጥበት አቁሮ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ መጀመሪያ ይልጣል፣ ከዚያ በጥላ ያደርቃል፣ የሚቀበረውንም ጫፍ በእሳት ይለበልባል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የድንጋይ መሠረቱ ነው። ጭላሎ ጥንት እሳተ ገሞራ ስለነበር በዙሪያው ድንጋይ ሞልቷል። ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ የተደረደረ ድንጋይ ከጣራ የሚወርደው ውሃ ነጥሮ ጭቃውን እንዳይመታ ይከላከላል። ይህን ድንጋይ የዘለለ ቤት የቱንም ያህል ቢለሰን ዕድሜው አጭር ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ፤ ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ነውና።

ማንኛውም አፈር ጭቃ ይሆናል፣ ማንኛውም ጭቃ ግን ግድግዳ አይሆንም። ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ለስንዴ መልካም ሲሆን ለቤት ጠላት ነው። ሠሪው ቀዩን አፈር ይፈልጋል፤ እሱንም ቢሆን ጨብጦ፣ አድቦልቡሎ፣ ከደረቱ ከፍታ ጥሎ ያየዋል። ከተፈረካከሰ ሸክላው አንሷል፤ ጨርሶ ካልተሰነጠቀና እጅ ላይ ከተጣበቀ ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋ ይፈልጋል። ይህን ፈተና የሚያደርገው ሰው ቁጥር አይጽፍም፤ እጁ ግን የያዘው እውቀት በላቦራቶሪ ወንፊት ከሚለካው ጋር የሚገናኝ ነው።

ከዚያ ጭዱ ይገባል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ይወደዳል፤ ስንዴና ገብስ በሚበዛበት በአርሲ ግን በእጅ ያለው የገብስና የስንዴ ጭድ ነው። የስንዴው ሻካራ ስለሆነ አጠር ብሎ መቆረጥ አለበት። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣውን መሰብሰብ ይቆጣጠራል፤ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ሊወጣ የነበረበትን ቦታ በመቶ ትንንሽ፣ ዓይን በማያያቸው ስንጥቆች ይበትነዋል። ከዚያ በእግር ይረገጣል፣ ውሃ ይጨመራል፣ እንደገና ይረገጣል፣ ተሸፍኖም ያድራል። አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት። እንደ ሊጥ ይቦካል፤ ጠረኑ ይለወጣል፣ ጭዱ መጥቆር ይጀምራል። እዚያ ውስጥ የሚሆነው ነገር ኬሚስትሪ ነው፦ የበሰበሰው ጭድ የሚያጣብቅ ነገር ይለቅና የሸክላውን ቅንጣቶች ያስተሳስራል፣ ግድግዳውም በኋላ ውሃ ሲነካው ቶሎ አይሟሟም። ያላደረ ጭቃ ከእጅ ላይ ይንሸራተታል፤ ያደረው ከማገሩ ጋር ይያያዛል። የሚቸኩል ሠራተኛ ልዩነቱን ዛሬ አያየውም፣ የቤቱ ባለቤት ግን በሦስተኛው ክረምት ያየዋል።

ማገሩ ላይ የሚመታው የመጀመሪያው ምርግ ሻካራ ነው። ከውስጥም ከውጭም እኩል ካልተመታ፣ በቋሚዎቹ መካከል ካልተገናኘ፣ ግድግዳው ባዶ ኪስ ይይዛል፤ አይጥና ተባይ የሚገቡት በዚያ ነው። ሁለት ሠራተኞች ከግድግዳው ግራና ቀኝ ቆመው በአንድ ጊዜ ሲመቱ ማየት ያስደስታል፦ አንዱ የወረወረው ጭቃ በሌላው በኩል ብቅ ሲል ያኛው በመዳፉ መልሶ ይደፍነዋል። ከዚያ ይጠበቃል። ምርጉ እስኪሰነጠቅ መጠበቅ የሥራው ክፍል ነው፤ ስንጥቁ ካልወጣ ሁለተኛው ንብርብር የሚነክሰው ነገር አያገኝም። ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። ሦስተኛው ልስኑ ነው፤ የተነፋ ለስላሳ አፈር ከእበት ጋር ተለውሶ በእጅ ይለሰናል፣ በብዙ ቤት ይህን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ጥሩ ልስን ላይ ጸሐይ በጎን ስትመታ የመዳፍ ዱካ በቀስት በቀስት ይታያል፤ እያንዳንዱ ቀስት የአንዲት ሴት ክንድ ልክ ነው። የመስኮት ጠርዝ ቀጥ ብሎ ከመቆረጥ ይልቅ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ሲለሰን ብርሃኑ ሰፍቶ ይገባል፣ የሕፃንም ግንባር የሚመታበት ሹል ማዕዘን አይኖርም። ይህን በሥዕል ላይ ያዘዘ ባለሙያ የለም፤ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፣ ጊዜውም በወቅት የተወሰነ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በልግ ከመምጣቱ በፊት ሦስቱም ንብርብሮች መድረቅ አለባቸው።

እንዲህ የተሠራ ግድግዳ ነዋሪውን ይጠብቃል። ቀን ከጸሐይ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ በደጋ ብርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያልተቃጠለ ሸክላ ከአየሩ የበዛውን እርጥበት ይወስዳል፣ አየሩ ሲደርቅም ይሰጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ጭቃውን በሲሚንቶ ልስን ሲሸፍኑት ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ባለቤቱ ቤቱን ሊያከብር ነው እንዲያ የሚያደርገው፣ ይገባኛል። ሲሚንቶው ግን አይተነፍስም፤ ከውስጥ የመጣው እርጥበት ከኋላው ይታገታል፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግድግዳውን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ገበታ የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ይወድቃል። በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ያህሉ ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ መሆኑን ስናስብ ደግሞ በሁለት በኩል የከሰርንበት ሽፋን ነው። መከላከያ ለሚፈልግ ግድግዳ ኖራ አለ፤ ኖራ ከጭቃው ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

አሁን ግን በሙሉ ልብ ልናመሰግነው ወደማንችለው ክፍል ደርሰናል፤ ጭሱ። የሣር ክዳን ጭስን ቀስ እያለ ያሳልፋል፣ በማሳለፉም ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ሲመጣ ይህ መንገድ ተዘጋ። ቤቱ ዝናብ አላፈሰሰም፣ የጣራ እድሳትም ቀረ፤ ጭሱ ግን ከውስጥ ተኝቶ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ያዘ። አስተዋይ ሠሪ ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ አያስቀምጥም። በግድግዳው አናትና በጣራው መካከል አንድ ጋት ክፍተት ይተዋል፣ በሁለቱም ጫፍ ከጉልላቱ ሥር ቀዳዳ ያበጃል፣ ማድቤቱንም ከመኝታ ይለያል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይሄዳልና ጭሱ በዚያ ይወጣል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃም እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከጣራው ሥር የሚተወው ክፍተት በዕቅድ ላይ አንዲት መስመር ናት፤ የሚተዋት ሠራተኛ ግን የአንድን ቤተሰብ እስትንፋስ እየጠበቀ ነው።

ወለሉም እንዲሁ። በደጋችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር ባዶ እግርን ለዓመታት ሲነካ እግር የሚያሳብጥ በሽታ እንደሚያመጣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት አሳይቷል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ተላላፊ አይደለም፤ ዋናው መከላከያ ጫማና እግርን መታጠብ ሲሆን፣ አቧራ የማያነሳ ወለልም ያግዛል። በደንብ ተደብድቦ የተጠቀጠቀና በየሳምንቱ የሚለቀለቅ ወለል ከአቧራማው በእጅጉ ይሻላል፤ ድንጋይ የተነጠፈበት ወይም የጠነከረ ወለል ደግሞ ከእሱም ይሻላል። ሲሚንቶ ልናወጣ ካለን ግድግዳው ላይ ሳይሆን እዚህ እናውጣው እላለሁ።

ከግድግዳው ተያይዞ የሚሠራውን መደብ ልብ ብሎ ያየው ጥቂት ነው። ጥሩ መደብ ክንድ ከማይሞላ ከፍታ ላይ ያርፋል፤ አዛውንት ጉልበታቸውን ሳይሰብሩ የሚቀመጡበት፣ ደግፈውም የሚነሱበት ልክ ነው። ይህ ከፍታ ከተሽከርካሪ ወንበር መቀመጫ ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ከወንበሩ ወደ መደቡ መሸጋገር ይቻላል ማለት ነው። ችግሩ ከደጃፉ ነው። ውሃና ከብት እንዳይገባ ደፉ ከፍ ይደረጋል፣ በሩ ይጠባል፣ በእግሩ የማይሄድ ሰው ከውጭ ይቀራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚያቅታቸው ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ሕጉ ስለ መንደር ቤት አልተናገረም፤ ነገር ግን መንደርም እንዲህ ያለ ሰው አለው።

ጭቃ ይህን ሊሠራ አይችልም የሚል ካለ ባንግላዴሽን ይመልከት። አና ሄሪንገር የተባለችው ጀርመናዊት አርክቴክት በሩድራፑር መንደር ከጭቃና ከቀርከሃ የሠራችው አናንዳሎይ የአካል ጉዳተኞች ማዕከል ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚያወጣው በሕንፃው ዙሪያ የሚጠማዘዝ የጭቃ መወጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኦቤል ሽልማትን አገኘ። ከሩቅ የሚታየው ያ መወጣጫ የሕንፃው ጌጥ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ የተሠራውን ነገር ከጓሮ የሚደብቅ ሕንፃ አይደለም። በእኛም አገር ቢሆን የአዲስ አበባው የሕንፃ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊዘርላንድ ባለሙያዎች ጋር በአፈር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቶ አሳይቷል። አሰላም ከስዊድን ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ መቀመጫው እዚሁ ነበር። ዘርና ከብት የተሻሻለበት አገር የግድግዳ ሠሪውን ጥበብ እንደዚያው በጥሞና ቢመዘግብና በእድሜና በሙያ ልክ ቢከፍለው ብዬ እመኛለሁ። ዛሬ ይህ ሰው የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ሂሳብ ነው። ያሳዝነኛል።

እስከዚያው አንድ ሥራ በእጁ ላይ አለ። በአንድ የገጠር ጤና ኬላ በር ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ እንበል፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር፤ በአጠቃላይ 45። በ12 እጅ ርዝመት 1 እጅ ከፍታ በሚለው ልክ የሚያስፈልገው መወጣጫ 5 ሜትር ከ40 ነው። ለዚህ ሠራተኛው ክርና ውሃ ልክ፣ ለመሠረቱ ድንጋይ፣ ለሙሌቱ ቀይ አፈር ይበቃዋል፤ አፈሩን በንብርብር ይጠቀጥቃል፣ ላዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ያነጥፋል፣ የጣራውን ጠርዝ ትንሽ ያራዝምለታል፣ ጎማ እንዳይስትም በሁለቱ ጎን አራት ጣት የምታህል ከንፈር ያወጣለታል።