ስለ ካሮል ጊሊጋን መጽሐፍና ስለ አርሲዎች ሲንቄ

ካሮል ጊሊጋን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 «በተለየ ድምፅ» ብለው ባሳተሙት መጽሐፍ የሥነ ልቡናን ሊቃውንት አጥብቀው ነቅፈዋል። በሃርቫርድ አብረዋቸው የሠሩት ሎረንስ ኮልበርግ የግብረ ገብን ዕድገት በደረጃ የከፈሉት ወንዶች ልጆችን ብቻ መርምረው ነበር፤ ሴቶችም በዚያው ሚዛን ሲመዘኑ ዝቅ ብለው ተገኙ ተባለ። ጊሊጋን ግን ጉድለቱ የሚዛኑ እንጂ የሴቶቹ አይደለም አሉ። ይህ ንግግር ትክክል ነው፤ ለፌሚኒስት ሥነ ልቡናም ሰፊ በር ከፍቷል።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ባለው ነው። ደራሲዋ ፍትሕን የሚያስቀድመውን ድምፅ መተሳሰብን ከሚያስቀድመው ለይተው፣ ሁለተኛውን ይበልጡን በሴቶች ዘንድ አገኙት። ይህን አከፋፈል ወደ አዳማ ወይም ወደ ሻሸመኔ አምጥተን ብንሞክረው አይጸናም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ በትር አለ። ባሏ ቢደበድባት፣ ይልቁንም በአራስነቷ ከሆነ፣ እልል ብላ ትጣራለች፤ የሰፈሩ ሴቶችም ቤታቸውን ትተው በትራቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ በደለኛው ካልካሰም አይመለሱም። እንግዲህ እዚህ ላይ መተሳሰቡ የቱ ነው? ፍትሑስ የቱ? ሴቶቹ አንዱን ከሌላው አልለዩትም።

ኩዌ ኩምሳ በ1997 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባወጡት ጥናት ሲንቄን የሴቶች መብት መጠበቂያ አድርገው አቅርበውታል። ጥናቱን አደንቃለሁ፤ ዳሩ ግን በትሩ የባለ ትዳር ነው። በባቱ የአበባ እርሻ ተቀጥራ፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ልጃገረድ አለቃዋ ቢበድላት ማንን በእልልታ ትጣራለች? የሥነ ልቡና ተማሪዎች የጊሊጋንን ጥያቄዎች ተርጕመው በየከተማው ከማደላቸው በፊት ይህችን ልጅ ቢጠይቋት እመርጣለሁ።