«የግሌ ትዝታ» በኪራይ መኪና ውስጥ

በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም (2005) ቢል መሪ የሚጫወተው ዶን ጆንስተን ፊቱ አይፈታም፣ አይከፋምም። ፍቅረኛው ጥላው ስትሄድ ሶፋው ላይ እንደተጎለተ ይቀራል። ላኪው ያልታወቀ ሮዝ ደብዳቤ ደርሶት «19 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ አለህ» ቢለውም ንቅንቅ አይል። የሚነቀንቀው ጎረቤቱ ዊንስተን ነው፤ ጄፍሪ ራይት የሚጫወተው፣ ሦስት ሥራና አምስት ልጆች ይዞ እንኳ መርማሪ መሆን የሚያምረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ። የቀድሞ ፍቅረኞቹን አድራሻ ያፈላልግለታል፣ ጉዞውን ያሰናዳለታል፣ ለመንገዱም አንድ ሲዲ ያስይዘዋል።

ሲዲው ላይ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ አለ።

ነገሩ የተጀመረው ከሲዲው ነው ማለት ይቻላል። ጃርሙሽ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረው፣ ሙላቱን ለዓመታት ሲያዳምጥ ኖሮ ፊልም ውስጥ የሚያስገባበትን ቀዳዳ ሲፈልግ ነበር፤ ዊንስተንን ከኢትዮጵያ ያስወለደውም ለዚሁ ነው። ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማጀቢያ ይፈለግለታል። እዚህ ግን ማጀቢያው ገጸ ባሕርይ ወለደ። ፈረንሳዊው አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1998 ባወጣው የ«ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ ስብስብ 4ኛ ቅጽ የተሰበሰቡት እነዚህ ዜማዎች ፊልሙ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር።

ለአማርኛ ሰሚ ግን ፊልሙ ሌላ በር ይከፍታል። ዶን የመኪናውን መሪ ጨብጦ ከሚሰማቸው ዜማዎች አንዱ «የግሌ ትዝታ» ነው። ሰውዬው የሃያ ዓመት ትዝታውን በር እያንኳኳ የሚዞር ነው፤ የዜማው ስም የፊልሙን ጭብጥ በሁለት ቃል ይዞታል፣ የካን ፊልም ፌስቲቫል ተመልካች ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ደግሞ ትዝታ ሲባል ጆሯችን የሚጠብቀው ክራር ታቅፎ የሚተከዝበትን ነው። የሙላቱ ትዝታ ግን ይራመዳል፤ ከበሮው ወደፊት ይገፋል፣ ነፋሾቹ ቅኝቱን ይዘው ወደኋላ ይጎትታሉ። በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረው የጅማ ተወላጅ ኢትዮ ጃዝ ያለው ነገር ይኸው መጓተት ነው፤ ዶንም ከነፊቱ በዚያው መካከል ተቀምጧል። ሁለተኛው «የከርሞ ሰው» ነው፣ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር ስም የሚጋራው። «ለከርሞ ሰው ይበለን» ብሎ ለሚመርቅ ሕዝብ፣ መኖሩ እንኳ ያልተረጋገጠ ልጅ ፍለጋ ላይ ይህ ዜማ ሲገባ አጋጣሚ አይመስልም። ጃርሙሽ ስሞቹን አስቦበት ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም፤ ሥራውን ሠርተዋል።

ቅር የሚያሰኝም አለ። የዊንስተን ኢትዮጵያዊነት በአመዛኙ በሲዲዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ዜማዎቹም መኪናው በተነሳ ቁጥር ይመላለሳሉ፤ ሦስተኛው ጉዞ ላይ ሙዚቃው የመንገድ ምልክት መሆን ይጀምራል። ሆኖም ዶን የማይናገረውን ሁሉ የሚናገርለት ሌላ ማን አለ? የቢል መሪ ዝምታ ያለዚያ ሳክስፎን ስንፍና በመሰለ ነበር።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን «ግራን ፕሪ» የተባለውን ሽልማት ወሰደ፤ የሙላቱ ስምም ከጃዝ ወዳጆች ክበብ ወጥቶ ወደ ሲኒማ ተመልካቹ ደረሰ።

መጨረሻ ላይ ዶን መንገድ መሃል ይቆማል። አንድ ወጣት ከሚያልፍ መኪና መስኮት አፍጥጦ ያየዋል፣ ያልፋል። ካሜራው ዶንን ይዞረዋል፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ያያል፣ ያለፈው ልጅ የከርሞ ሰው ይሁን አይሁን ሳያውቅ።